ስሙ ቀርቶ ነገሩ የጠፋበት
በፊልም ታሪክ ስለ ተሠሩ የአሜሪካ መናፈሻ ትርኢቶች

መልካም ተረት የሰማ ሰው ሁሉ ተረቱ ባለቀ ጊዜ አንድ ምኞት ይቀርበታል፤ ይኸውም በጆሮው የሰማውን አገር በእግሩ ሊረግጠው፣ በዓይኑም ሊያየው ነው። ሕፃን ልጅ በምድጃ ዳር ተረት ሲነገረው «ከዚያ በኋላስ? እኔስ እዚያ ብኖር ኖሮ?» እያለ ነጋሪውን የሚያደክመው ከዚህ ምኞት የተነሣ ነው። ሲኒማ ከተፈጠረ ወዲህ ግን ምኞቱ እጅግ በረታ፤ ሥዕሉ ሕያው መስሎ ስለሚንቀሳቀስ፣ ተመልካቹ ወደ መጋረጃው ማዶ የሚገባበት በር ያለ ይመስለዋልና። በአሜሪካ አገር ያሉ ታላላቅ የፊልም ማኅበሮችም ይህን አይተው በሩን በዋጋ ሊከፍቱለት ቃል ገቡ። ዋልት ዲስኒ በ1955 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በካሊፎርኒያ ዲስኒላንድ የተባለውን መናፈሻ ከፈተ፤ ዩኒቨርሳል የተባለውም ማኅበር በ1990 በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ከተማ፣ የራሱን ከፈተ።

ቃሉ ታላቅ ነው፤ ያየኸውን ታሪክ ግባበት የሚል ነውና። ቃሉን የሚያምነውም ሰው ቀላል ነገር አይከፍልም። አባት ለልጆቹ ሲል ከደመወዙ ቈጥቦ፣ ከሩቅ አገር ተጕዞ፣ በፀሓይ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ ሥራው «የልጆች ጨዋታ ነውና አይመረመርም» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ተረት ነጋሪና አድማጭ በመካከላቸው ውል አላቸው፤ አድማጩ ጊዜውንና ልቡን ይሰጣል፣ ነጋሪውም የጀመረውን ይፈጽምለታል። ውሉን የሚያፈርስ ነጋሪ ሁለተኛ አድማጭ አያገኝም። እንግዲህ ቅኔ እንደሚመረመር ይህም ይመርመር፤ ጥያቄውም አንድ ነው። ትርኢቱ ከፊልሙ የወሰደው ሰሙን ነው ወይስ ወርቁን?

በመጀመሪያ የሚነሣው «ስኖው ዋይት» ነው። የታሪኩ ወርቅ የአንዲት ልጅ የዋህነት ነው። እንጀራ እናቷ ንግሥቲቱ በቅናት ልትገድላት ስታሳድዳት፣ ልጅቱ በጫካ ውስጥ የሰባቱን ድንኮች ቤት አግኝታ ትገባለች፤ ቤታቸውን ትጠርጋለች፣ ራታቸውን ትሠራለች፣ እነርሱም ይወዷታል። ዲስኒ በ1937 ባወጣው ፊልም ተመልካቹ ንግሥቲቱ ጠንቋይ አሮጊት ሆና መርዘኛውን ፖም ይዛ ስትመጣ የሚንቀጠቀጠው ለራሱ ፈርቶ አይደለም፤ ለዚህች ልጅ ሳስቶ ነው።

በ1955 መናፈሻው ሲከፈት በዚሁ ታሪክ ስም የተሠራው ትርኢት ጎብኚውን በትንሽ ጋሪ አስቀምጦ በድንኮቹ የማዕድን ጕድጓድ፣ በሚያስፈራው ጫካና በጠንቋይቱ ግንብ ውስጥ ያሳልፈው ነበር። ልጅቱ ግን ከቶ አልነበረችበትም። ሠሪዎቹ ረስተዋት አይደለም፤ አስበውበት ነው። በጋሪው የተቀመጠው ጎብኚ እርሱ ራሱ ስኖው ዋይትን ይሆናል፣ ጠንቋይቱም የምታሳድደው እርሱን ነው ብለው ነበር። ሕዝቡ ግን ይህ ምስጢር አልገባውም፤ «ስኖው ዋይት የት አለች?» እያለ ወጣ። ትርኢቱ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሲታደስ ልጅቱ ገባችበት፤ በ2021ም እንደ ገና ታድሶ ፍጻሜው ወደ ደስታ ተመለሰ።

በዚህ ነገር የሠሪዎቹን ብልሃት መናቅ አይገባም፤ አሳባቸው ጥልቅ ነበረ። ነገር ግን ስለ ሰው ልብ ተሳሳቱ። ሰው ተረት የሚወደው ራሱን ስለሚያገኝበት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ለጥቂት ሰዓት ራሱን ረስቶ ለሌላ ሰው ስለሚጨነቅበት ነው። ጎብኚውን በልጅቱ ወንበር ሲያስቀምጡት የሚሳሳላትን ልጅ ወሰዱበት። የሚሳሱለት ሰው የሌለበት ፍርሃት ደግሞ ድንጋጤ ብቻ ነው፤ ድንጋጤም ከበሩ ሲወጡ ይረሳል።

ከዚህ ስሕተት ሠሪዎቹ ተምረው እንደሆነ የሚያሳየው በ2004 በፍሎሪዳው የዲስኒ መናፈሻ የተከፈተው የ«ስቲች» ትርኢት ነው። በ2002 የወጣው ፊልም «ሊሎ እና ስቲች» ይባላል፤ በስሙም እንደሚታይ የሁለት ፍጡሮች ታሪክ ነው። ሊሎ በሐዋይ ደሴት ወላጆቿ ሞተውባት ከታላቅ እኅቷ ጋር የምትኖር ልጅ ናት፤ ስቲች ደግሞ ለጥፋት የተፈጠረ፣ ከሌላ ዓለም ያመለጠ ፍጡር ነው። ቤተሰብ ያጣችው ልጅ ቤተሰብ ምን እንደሆነ ለማያውቀው ፍጡር ታስተምረዋለች፤ እርሱም ከክፋቱ ይለዝባል። ትርኢቱ ግን ስቲች ከሊሎ ጋር ሳይገናኝ በፊት የነበረውን ጊዜ መረጠ። ጎብኚዎቹ በወንበር ተቀምጠው ትከሻቸው በብረት ይያዛል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ በጨለማም ፍጡሩ በላያቸው ይረማመዳል፣ ምራቁን ይረጫል፣ የበላውን ሥጋ ሽታ ያገሣባቸዋል። ሊሎ የለችም፤ ስለዚህም ፍቅሩ የለም፣ መለወጡም የለም። ብዙ ሕፃናት እያለቀሱ ወጡ፤ ትርኢቱም በ2018 ቀረ። ከፊልሙ የተወሰደው ዐመፁ ብቻ ነበረና፣ ዐመፁን የሚያስታርቀው ነገር በሌለበት ሳቁ እንኳ ደረቀ።

የማሽን ነገር ደግሞ ለብቻው ይታይ። በ1975 ስቲቨን ስፒልበርግ «ጆውስ»፣ ማለት «መንጋጋ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ስለ አንድ ሰው በላ ሻርክ ነው። ፊልሙ በባሕር ላይ ሲሠራ የሻርኩ ምስል ሆኖ የተበጀው ማሽን በጨው ውሃ እየተበላሸ ሠሪዎቹን አስጨነቃቸው። ስፒልበርግም የሚያሳየው ዓሣ ባጣ ጊዜ ዓሣውን ሳያሳይ ማስፈራትን ተማረ፤ በውሃው ላይ ብቻውን የሚሄድ በርሜል፣ የጆን ዊልያምስ ሁለት ድምፅ ያለው ሙዚቃ፣ በባሕር ዳር ቆሞ ስለ ልጆቹ የሚጨነቅ የፖሊስ ሹም። ዓሣው በሙሉ አካሉ ሳይታይ ከአንድ ሰዓት በላይ ያልፋል። የማሽኑ ድካም የፊልሙ ብርታት ሆነ ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሳል በሰኔ 7 ቀን 1990 መናፈሻውን ሲከፍት ግን በጀልባ የሚታየውን የ«ጆውስ» ትርኢት የመሠረተው በዚያው፣ ፊልሙን በከዳው፣ በማሽኑ ላይ ነው። ዓሣው ጀልባውን ነክሶ እንዲያዞረው ታስቦ ነበር፤ ማሽኑ ግን እየተሰናከለ እንቢ አለ። ትርኢቱ በዚያው ዓመት ተዘግቶ፣ እንደ አዲስ ተሠርቶ፣ በ1993 ተከፈተ። ፊልም ሠሪ ማሽኑ ሲበላሽበት ሌላ ቀን ይጠብቃል፣ ወይም አሳቡን ይለውጣል፤ ትርኢት ግን በየቀኑ፣ በየጥቂት ደቂቃው፣ በሕዝብ ፊት የሚደገም ነውና ምሕረት የለውም። የታደሰው ሥራ ግን ተወደደ፤ በጥር 2 ቀን 2012 ለመጨረሻ ጊዜ ሲዘጋም ብዙ ሰው አዘነለት። በየጀልባው የቆመ ሕያው መሪ ነበረና፤ መንገደኞቹን እያናገረ፣ እየፈራና እያስፈራ፣ እስከ ፍጻሜው ያደርሳቸው ነበር። ማሽኑ ተስተካከለ፤ ሕያው ያደረገው ግን ተራኪው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በዚያው ቀን፣ በዚያው መናፈሻ የተከፈተው የ«ኢ.ቲ.» ትርኢት ነው። ፊልሙን በ1982 የሠራው ያው ስፒልበርግ ነው፤ ከአገሩ ርቆ በምድር ላይ የቀረ እንግዳ ፍጡርን ወደ ቤቱ ለመመለስ ልጆች ሲደክሙ ያሳያል። በትርኢቱ ጎብኚው ሲገባ ስሙን ይናገራል፤ ቢስክሌት በመሰለ መቀመጫ ላይ ሆኖ እንግዳውን ወደ አገሩ ያደርሳል፤ በመሰናበቻውም ኢ.ቲ. የጎብኚውን ስም እየጠራ ያሰናብተዋል። ስሙ አንዳንድ ጊዜ ተጣምሞ ይሰማል፤ ቢሆንም ልጅ ስሙን ከወዳጁ አፍ ሲሰማ ያ ጉድለት አይታየውም። እነሆ፣ እዚህ ጎብኚው የሚሳሳለት አለው፣ የሚሠራው ሥራም አለው። የፊልሙ ወርቅ እንግዳን መርዳት ነበረ፤ ትርኢቱም ያንኑ ወርቅ ይዞአል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጉድለቱ የማሽን ሳይሆን የአሳብ የሆነበት ሥራ ነው። «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» የተባለው፣ በ2001 የተጀመረ ተከታታይ ፊልም፣ በመኪና ፍጥነት የታወቀ ነው። ዩኒቨርሳል በ2018 በኦርላንዶ በስሙ ትርኢት ከፈተ። ጎብኚዎች በመጀመሪያ ከክፍል ወደ ክፍል እየተነዱ፣ ሠራተኛው በመጋረጃ ላይ ከተቀረጹ ሰዎች ጋር የሚነጋገር መስሎ ሲደክም ያያሉ። ከዚያም በትልቅ አውቶቡስ ተጭነው በሁለት መጋረጃዎች መካከል ይቆማሉ፤ በግራና በቀኝ ሥዕሉ ይሮጣል፣ ነፋስ ይነፍስባቸዋል፣ መቀመጫው ይንቀጠቀጣል። አውቶቡሱ ግን አይሮጥም፤ በመጋረጃዎቹ መካከል እንደ ቆመ ይወዛወዛል እንጂ። በፍጥነት ስም የተጠራ ሥራ ቆሞ የቀረበት ነው። ጀግኖቹም በሥዕሉ ውስጥ ሆነው ይታገላሉ፤ ጎብኚው አይረዳቸውም፣ አያድኑትም ብሎ አይሠጋም። በከተማው ሲኒማ ቤት የተወውን መጋረጃ ብዙ መንገድ ተጕዞ እንደ ገና አገኘው፤ ልዩነቱ ወንበሩ መነቃነቁ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሰው «ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ትርኢት የሁለት ሰዓት ፊልም እንዴት ሊያህል ይችላል?» ብሎ ቢከራከር፣ ክርክሩ እውነት አለበት። ነገር ግን ማጠር ሰበብ አይሆንም፤ መልካም ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ብቻ ያልቃልና። ደግሞም በ1967 በዲስኒላንድ የተከፈተው የ«ካሪብያን የባሕር ወንበዴዎች» ትርኢት ይታሰብ። ያን ጊዜ በዚህ ስም ፊልም አልነበረም፤ ሠሪዎቹ የሌላ ሥራ ጥላ ሳይከተሉ፣ በጀልባ ተቀምጦ የሚያልፍ ሰው ምን ሊያይ፣ ምን ሊሰማ እንደሚችል ብቻ አሰቡ። ሥራው ከመወደዱ የተነሣ በ2003 ፊልሙ ከትርኢቱ ተወለደ፤ እዚህ ልጁ አባቱን ወለደው እንደ ማለት ነው። እንግዲህ ጥበቡ በራሱ ደካማ አይደለም፤ የሚደክመው የሌላውን ስም ለብሶ የራሱን ሥራ ሲተው ነው።

ፍርዱም ይህ ነው። ፊልምን ወደ ትርኢት የሚመልስ ሰው እንደ ተርጓሚ ነው። ተርጓሚ ቃሉን ሁሉ ገልብጦ ምስጢሩን ቢጥል አልተረጐመም፤ ምስጢሩን ይዞ ቃሉን ቢለውጥ ግን ይመሰገናል። የጋሪው፣ የጀልባው፣ የመጋረጃው ብዛት ቃል ነው፤ ምስጢሩ ተመልካቹ በዚያ ታሪክ ውስጥ ለማን ሳሳ፣ ምንስ ተመኘ የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ የሚሠራ ማኅበር የታወቀ ስም በበሩ ላይ ጽፎ ብዙ ሕዝብ ለማሰለፍ ይችላል፤ ሰልፉ ግን የታሪኩ ዋጋ ነው እንጂ የትርኢቱ አይደለም። ልጅም ሲወጣ ከአባቱ እጅ ሳይላቀቅ የሚጠይቀው ያው በ1955 የተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ «የወደድኳት የት አለች?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሥራ፣ ጋሪው ቢያረጅና ቀለሙ ቢለቅ እንኳ፣ አያሳፍርም።