ማረሻውና ካርታው፦ በቪልሄልም ሞበርግ አራት መጻሕፍት ላይ የቀረበ ሂስ



ስዊድን የምትባለውን አገር ብዙዎቻችን የምናውቃት በሰጪነቷ ነው። ከ1866 ጀምሮ ሚሲዮናውያኗ ወደ ምጽዋ መጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1930ዎቹ መኮንኖቿ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት አስተምረዋል። በ1967 በአርሲ ጭላሎ የተጀመረውና «ካዱ» የተባለው የእርሻ ልማት ሥራም በእርሷ ገንዘብና ባለሙያዎች እርዳታ የቆመ ነበር። ዛሬም በካምፓችን ስሟ ሲነሣ ወሬው ወደ ሦስተኛ አገር ስለ መሻገር ወይም እዚያ ስለ ደረሰ ዘመድ ነው። ሁልጊዜ ሲሰጥ የሚያዩት ሰው ደግሞ ተርቦ የሚያውቅ አይመስልም።

ይህን አስተሳሰብ የሚያፈርሰው የቪልሄልም ሞበርግ ሥራ ነው። ሞበርግ በ1898 በደቡብ ስዊድን፣ ስሞላንድ በምትባለው ድንጋያማ አውራጃ ተወልዶ በ1973 የሞተ ደራሲ ነው። ከዘመዶቹ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሄደው ቀርተዋል። ከ1949 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት አራት ተከታታይ ልብ ወለዶች አሳተመ፤ ስማቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወጪዎቹ»፣ «ገቢዎቹ»፣ «ሠፋሪዎቹ» እና «የመጨረሻው ደብዳቤ ወደ ስዊድን» እንደ ማለት ነው። የስዊድን ቋንቋ አገሩን ለቆ ለሚወጣው ሰው አንድ ቃል፣ ወደ ሰው አገር ለሚገባው ደግሞ ሌላ ቃል አለው። እኛ ሁለቱንም «ስደተኛ» ብለን እንጠራለን። ሞበርግ ሁለቱን ቃላት ለሁለት መጻሕፍት ርእስ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የአራቱም መጻሕፍት ጥያቄ ይኸው ነውና፤ የወጣው ሰውና የገባው ሰው በአንድ ገላ ውስጥ ተስማምተው መኖር ይችላሉን?

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ካርል ኦስካር የሚባል ወጣት ገበሬ ኮርፓሞን በምትባል፣ ከአፈሯ ድንጋይዋ በሚበዛ ማሳ ላይ ሚስቱን ክርስቲናንና ልጆቹን ይዞ ይታገላል። አባቱ ከዚያው ማሳ ድንጋይ ሲፈነቅል አካሉ ጎድሎ ቀርቷል። አንድ ዓመት ድርቅ ይሆናል፤ ሌላ ዓመት መብረቅ ድርቆሹን ያቃጥላል። ታናሽ ወንድሙ ሮበርት በሰው ቤት አሽከር ሆኖ ሲሠራ ጌታው ጆሮውን በጥፊ መትቶ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። በዚያ ዘመን የስዊድን ሕግ ጌታ አሽከሩን እንዲቀጣ ይፈቅድ ነበር። የክርስቲና አጎት ዳንኤል በቤቱ ጎረቤት ሰብስቦ መጽሐፍ ቅዱስ በማንበቡ ይከሰሳል፤ ያለ ቄስ በቤት ለጸሎት መሰብሰብን የሚከለክለው የ1726 ሕግ የተሻረው በ1858 ነው። እነዚህ ሰዎች በ1850 ከካርልስሃምን ወደብ በሸራ መርከብ ተሳፍረው ኒውዮርክ ይደርሳሉ፤ ከዚያም በወንዝና በሐይቅ ተጉዘው በሚኒሶታ ደን ውስጥ ጎጆ ይቀልሳሉ።

ካርል ኦስካር ብቻውን አልነበረም። ስዊድን በ1850 ሕዝቧ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1930 ድረስ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰው አገሩን ጥሎ ወጣ፤ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ነበር። ሚሲዮናውያኗ ምጽዋ ከደረሱ በኋላ፣ ከ1867 እስከ 1869 ባለው ጊዜ፣ ወገኖቻቸው በአገር ቤት በረሃብ ይቆሉ ነበር። ሰጪና ተቀባይ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን እንዲህ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ።

የሞበርግ ትልቁ ችሎታ በእኔ አስተያየት መቁጠሩ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚከፈተው በለቅሶ አይደለም። የሰበካው ነዋሪ ስንት እንደሆነ፣ ባለ መሬቱ፣ አሽከሩ፣ የእጅ ባለሙያው፣ ድኻው ስንት እንደሆነ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይዘረዝራል። የክርስቲና የበኩር ልጅ ትንሿ አና ስትሞት እንኳ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ርቧት የኖረች ልጅ ለድግስ የተሠራ የገብስ ገንፎ አገኘች፤ ሆዷ ከሚችለው በላይ በላች፤ ሞተች። ልጅቱን የገደላት ረሃብ የመጣው በጥጋብ በኩል ነው። ደራሲው ስለ ጨቋኙ ሥርዓት አንድ ገጽ ንግግር ቢጨምርበት ኖሮ ሞቷ ይቀንስ ነበር። በዚህ ካምፕ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ «ወዮ» እንላለን፤ ስንት ቁና እህል እንደቀረን ግን አንጽፍም። ከሞበርግ የምንማረው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን አንባብያንን ወደሚያከራክረው ጉዳይ እንምጣ። ክርስቲና መጀመሪያ መሄድን አልፈለገችም፤ የተስማማችው አናን ከቀበረች በኋላ ነው። ሚኒሶታ ከደረሰች በኋላም ልቧ አልደረሰም። ካርል ኦስካር ግን አፈሩን በእጁ ጨብጦ ካየበት ቀን ጀምሮ ፊቱን አላዞረም፤ ዛፍ ይገነድሳል፣ ጉቶ ይነቅላል፣ በየጥቂት ዓመቱ የተሻለ ቤት ይሠራል። ብዙ አንባቢ እርሱን ብርቱ፣ እርሷን ደካማ አድርጎ ይፈርዳል። «አገር አገር እያለች ዕድሜዋን ጨረሰች» ይላል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም፤ ደራሲውም የሚስማማ አይመስለኝም። በናፍቆት ለምትሠቃየው ክርስቲና ከትውልድ ቦታዋ ከዱቨሞላ የፖም ዘር ይመጣላታል፤ ባሏ በጎጆው ደጅ ይተክልላታል። ዛፉ ያድጋል። ሐኪም እንደገና ብታረግዝ እንደምትሞት ያስጠነቅቃታል፤ በ1862 ከጽንስ መጨናገፍ በኋላ ስትሞት ዛፏ ፍሬ ሰጥቶ ነበር። እስኪ እናስተውል፤ የአገሯን ዛፍ በባዕድ አፈር ላይ ያበቀለው የእርሷ ናፍቆት ነው። ናፍቆቷ እጇን አላሠረውም። ልጆች አሳድጋለች፣ ላም አልባለች፣ እንግዳ ተቀብላለች።

ብርቱው ካርል ኦስካርስ? ሸምግሎ፣ እንደ አባቱ አካሉ ጎድሎ ሲቀር፣ የትውልድ ሰበካውን የዩደርን ካርታ ዘርግቶ በጣቱ መንገዱን ይከተላል፤ ከዚህ ቤት ወደዚያ ወፍጮ፣ ከወፍጮው ወደ ቤተ ክርስቲያን። ዕድሜውን ሙሉ ማረሻ የጨበጠ እጅ በመጨረሻ የያዘው ወረቀት ነው። እንግዲህ ሞበርግ የሚለን ይህ ነው፤ ክርስቲና ናፍቆቷን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ከፈለች፤ ካርል ኦስካር ዕዳውን አጠራቅሞ በእርጅናው በአንድ ጊዜ ከፈለ። ከዕዳው ያመለጠ የለም። ስለዚህ ማታ ማታ ስለ ቀዬአቸው የሚያወሩትን እናቶቻችንን «ተስፋ ያስቆርጡናል» እያልን ዝም የምናሰኝ ሰዎች ይህን ገጽ ደግመን ብናነበው መልካም ነው።

ሌላው የማይረሳ ሰው ኡልሪካ ናት። በሕፃንነቷ ወላጆቿ ሞተውባት፣ በዚያ ዘመን ልማድ መሠረት በሰበካ ጨረታ ቀርባለች፤ ልጁን በትንሽ ክፍያ አሳድጋለሁ ያለ ይወስድ ነበር። ካደገች በኋላ ሰበካው ሴተኛ አዳሪ ብሎ ይንቃታል። በመርከቡ ላይ ክርስቲና በራሷ ላይ ቅማል ብታገኝ ኡልሪካን ትከስሳለች። ኡልሪካ ልብሷን አውልቃ ታሳያለች፤ ንጹሕ ናት። ይህችው ሴት ናት ኋላ በሚኒሶታ ጎጆ ውስጥ ክርስቲናን የምታዋልዳትና የልብ ወዳጇ የምትሆነው። ሰው አገሩን ሲለቅ ንቀቱን በሣጥኑ ይዞት ይሄዳል። እዚህም በውኃው ሰልፍ ላይ «እርሱ እኮ የእገሌ ዘር ነው፣ እርሷ እኮ ጠላ ሻጭ ነበረች» ሲባል እንሰማለን። የውኃው ሰልፍ ግን ማንንም በዘሩ አያስቀድምም።

ሮበርትም ለወጣቶቻችን ትምህርት ነው። ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ይነሣል፤ ጓደኛው አርቪድ በመንገድ ይሞታል። ሮበርት ተመልሶ ለወንድሙ አንድ እስር የብር ኖት ይሰጠዋል። ካርል ኦስካር ባንክ ወስዶ ቢያሳየው ዋጋ የሌለው ወረቀት ሆኖ ይገኛል። ከሩቅ የሚመጣ ወሬም እንዲሁ ነው፤ ተቀባይ እስኪታጣ ድረስ ገንዘብ ይመስላል።

ሥራው ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። አንደኛ፣ ካርል ኦስካር የመርከቡን ዋጋ ያገኘው መሬቱን ሸጦ ነው። የሚሸጠው ያልነበረው የመጨረሻው ድኻ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቀርቷል፤ መጽሐፉም ከሄዱት ጋር ስለሚሄድ እርሱን ከኋላ ይተወዋል። ሁለተኛው ይበልጣል። ካርል ኦስካር ያረሰው መሬት የሌላ ሕዝብ መሬት ነበር። በ1862 ቃል የተገባላቸው ክፍያ ዘግይቶባቸው የተራቡት ዳኮታዎች ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን ከእነርሱ 38ቱ በማንኬቶ ከተማ በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ። ሞበርግ ይህን ጦርነት አልዘለለውም፤ በመጨረሻው መጽሐፍ ገብቷል። ነገር ግን የስዊድናዊውን ገበሬ ረሃብ ከገንፎው ድስት ድረስ ገብቶ ሲያሳየን፣ የዳኮታውን ረሃብ ከደጅ ቆሞ ነው የሚነግረን። አናን በስሟ እናውቃታለን፤ የዳኮታዪቱን ሕፃን ስም አናውቅም። ተሰዶ የመጣ ሰው ሌላውን ሊያሰድድ እንደሚችል መጽሐፉ ያውቃል፤ እስከ መጨረሻው ግን አልተከተለውም።

ለመሆኑ ስዊድን ራሷ ከዚህ ሁሉ ምን ተማረች? ሕዝቧ እንደ ውኃ ሲፈስባት መንግሥቷ ከ1907 እስከ 1913 አንድ ትልቅ ምርመራ አካሄደ። አሜሪካ የደረሱትን ሳይቀር «ለምን ሄዳችሁ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሳቸውንም አሳተመ። አንባቢ ሆይ፣ ከመጣንባቸው አገሮች መንግሥታት ይህን ጥያቄ የጠየቀን ማን ነው? በ1928 ደግሞ ፔር አልቢን ሀንሰን የተባለው መሪ አገሪቱ የእንጀራ ልጅ የሌለበት ቤት ትሁን ብሎ ተናገረ፤ በኋላ የመጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓትም በዚህ ሐሳብ ስም ተሠራ። የለቀቋት ሰዎች ባዶ ቦታ ያላስተማራት አገር ይህን ታስባለች ብዬ አላምንም።

ሆኖም የአያት ስደት የልጅ ልጅን ደግ ያደርጋል ማለትም የዋህነት ነው። በ2015 ስዊድን ውስጥ 163 ሺህ ያህል ሰው ጥገኝነት ጠየቀ፤ በ2016 ሕጉ ጠበቀ፤ ከ2021 ወዲህም ለጥገኛው በመጀመሪያ የሚሰጠው በአመዛኙ ጊዜያዊ ፈቃድ ነው። የክርስቲናን ታሪክ የምታውቅ አገር ናት ይህን ያደረገችው። መጽሐፍ በር አይከፍትም። በበሩ ወዲያና ወዲህ የቆሙት ሰዎች አንድ ዓይነት ሣጥን ተሸክመው እንደነበር ግን ይመሰክራል።

ሞበርግ ይህን ምስክርነት ከየት አገኘው? በ1948 ወደ አሜሪካ ሄዶ አንድሩ ፒተርሰን የተባለ የስሞላንድ ተወላጅ ያልሆነ፣ ግን እንደ ካርል ኦስካር በሚኒሶታ የሠፈረ ስዊድናዊ ገበሬ የጻፈውን የዕለት ማስታወሻ አነበበ። ገበሬው ከ1850ዎቹ እስከ 1890ዎቹ ድረስ ዛሬ አጨድሁ፣ ዛሬ አጥር ሠራሁ፣ ዛሬ ዘነበ እያለ መዝግቦ ነበር። ለመታወቅ አልጻፈም፤ ልብ ወለድ ይሆናል ብሎም አላሰበም። በየድንኳናችን የራሽን ካርድ ጀርባ ላይ ቀኑን የሚመዘግቡ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። እባካችሁ አትጣሉት፤ ዝናቡንም ጻፉት።