ሰሌዳውን የምትለቅ እግር

በኦሊምፒክ ሰሞን ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉ ቡና ቤቶች የቴሌቪዥናቸውን ድምፅ ከፍ የሚያደርጉት ለ10,000 ሜትር ነው። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የሚወጣ ሰው በየበሩ ቆሞ ዙር ይቆጥራል። ውሃ ዋና ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ ወሬው ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል። የሴቶች 4 በ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ቅብብልን ያህል ተጠንቅቆ የተሠራ ሥራ በስፖርት ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ሐምሌ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. በጃፓኗ ፉኩኦካ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና አራት አውስትራሊያውያን በ3 ደቂቃ ከ27.96 ሰከንድ በመግባት የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ሞሊ ኦካላገን 52.08፣ ሼይና ጃክ 51.69፣ ሜግ ሃሪስ 52.29፣ ኤማ ማኪዮን 51.90። አራቱን ብትደምሩ የቡድኑ ሰዓት ልክ ይመጣል፤ ለመለዋወጫ ተብሎ የተተወ ጊዜ የለም። የፊተኛዋ ግድግዳውን ስትነካ የኋለኛዋ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ ቅብብሉ ራሱ በየዋናተኛዋ ሰዓት ውስጥ የተቆጠረ ነው።

በምልክት ድምፅ የሚነሳ ዋናተኛ ድምፁን ሰምቶ እግሩ መነሻ ሰሌዳውን እስኪለቅ ከ0.6 እስከ 0.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በቅብብል ግን ተረካቢዋ የምትጠብቀው ድምፅ የለም፤ የምትጠብቀው ጓደኛዋን ነው። ጎንበስ ብላ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ የመጪዋን ጭንቅላት በጣቶቿ ጫፍ ትከተላለች። በገንዳው ወለል የተሰመረው ጥቁር መስመር ግድግዳው ጋ ሊደርስ 2 ሜትር ሲቀረው በአግድም ይዘጋል። መጪዋ ወደዚያ ስትቃረብ ተረካቢዋ ክንዶቿን ታዞራለች፣ ሰውነቷ ወደ ፊት መውደቅ ይጀምራል፣ ጉልበቷ ይዘረጋል። መላ አካሏ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ሰሌዳውን የያዙት የእግሯ ጣቶች ብቻ ናቸው። እነሱ የሚለቁት የጓደኛዋ እጅ ግድግዳውን ሲነካ ነው። ቀድመው ከለቀቁ ቡድኑ በሙሉ ይሰረዛል፤ መቆጣጠሪያው መሣሪያ የሚታገሰው 0.03 ሰከንድ ብቻ ነው።

ተመልካች ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በዘላዪዋ ላይ ነው። እኔ ግን ግማሹን ምስጋና ለመጪዋ እሰጣለሁ። በመጨረሻዎቹ ቀዘፋዎች አንገቷን አታነሳም፣ ለመተንፈስ አትዞርም፣ ፍጥነቷንም አትለውጥም። ከላይ ያለችው ሚዛኗን የለቀቀችው ያንን ፍጥነት አምና ነው። መጪዋ ግድግዳው አጠገብ እጇን ዘርግታ ብትንሳፈፍ ወይም አንድ ትርፍ ቀዘፋ ብትጨምር፣ በመውደቅ ላይ ያለችው መመለሻ የላትም።

ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ እነዚሁ አራት ሴቶች ተመልሰው መጡ፤ ልዩነቱ ሦስተኛዋና አራተኛዋ ቦታ መቀያየራቸው ነው። ፉኩኦካ ላይ ሦስተኛ የነበረችው ሃሪስ መጨረሻ ሆና 51.94 ዋኘች። ቡድኑ በ3 ደቂቃ ከ28.92 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በዚህ ውድድር ለአውስትራሊያ ተከታታይ አራተኛው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው። በሥራ ጥራት የፉኩኦካው ይበልጥብኛል፤ የፓሪሱን ግን ከኋላ ለመጡት ስል ደጋግሜ አየዋለሁ። አሜሪካ በ3 ደቂቃ ከ30.20፣ ቻይና በ3 ደቂቃ ከ30.30 ገቡ። ብርና ነሐስን የለየው 0.10 ሰከንድ ለሦስቱ ቅብብሎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ 0.03 ገደማ ይደርሰዋል። መሣሪያው የሚታገሰውን ያህል መሆኑ ነው።

እኛስ? በ2004 ዓ.ም. በተካሄደው የለንደን ኦሊምፒክ ያኔት ስዩም ሰንደቅ ዓላማችንን ይዛ ገብታ በ50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳደረች። በፓሪስም ሊና ዓለማየሁ በዚያው ርቀት ዋኘች። ሁለቱም ለብቻቸው ነው ሰሌዳው ላይ የወጡት፤ ለዚያ ድፍረታቸው ክብር ይገባቸዋል። ቅብብል ግን አራት ሰው ይፈልጋል፤ የአንዷ አመጣጥ በሌላዋ ዐይን እስኪለመድ ድረስ በአንድ ገንዳ ደጋግሞ መዋል ይፈልጋል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው፤ ከቸርችል ጎዳና ታችኛው ጫፍ ፍልውሃ በእግር የሚደረስበት ነው። በዚህ አካባቢ የሚታወቁት የዋና ገንዳዎች ግን እንደ ጊዮንና ሒልተን ባሉ ሆቴሎች አጥር ውስጥ ናቸው። የሰፈር ልጅ ከፍሎ ካልሆነ አይገባባቸውም። ከተማዋ ለልጆቿ የሕዝብ ገንዳ ልትሠራላቸው ይገባል።

የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በ2020 ዓ.ም. ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። የሴቶች ቅብብል ሲጀመር ጣቢያውን እንዳትቀይሩ። ማን እየመራ እንደሆነ ለመቁጠር አትቸኩሉ፤ ሰሌዳው ላይ የቆመችውን ሴት እግር ተመልከቱ።