ውሃው በየት ገባ?

የሪኢንጀክሽን ጉድጓድ፣ ማለትም በጂኦተርማል መስክ ውሃ ወደ ምድር የሚመለስበት ጉድጓድ፣ ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ይቀበላል?» ነው። ፓምፑ ውሃውን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይገፋል፤ የፍሰቱ ጭማሪ ለግፊቱ ጭማሪ ሲካፈል የጉድጓዱ አቅም በሊትር በሰከንድ በባር ይወጣል። ቁጥሩ ያስፈልጋል። ለእኔ ግን የሙያው ልብ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ውሃው በየትኛው ስንጥቅ ገባ?

በተሰነጣጠቀ አለት ውስጥ ውሃ የሚሄደው በጥቂት መንገዶች ነው። በሁለት ስንጥቆች መካከል ያለው መቶ ሜትር አለት ምንም ላይወስድ ይችላል። ስለዚህ ግፊት፣ ሙቀትና ፍሰት የሚለካውን መሣሪያ በኬብል እናወርዳለን።

ፍሰት የሚለካው የመሣሪያው ተሽከርካሪ፣ ስፒነሩ፣ በውሃው ፍጥነት ልክ ይሽከረከራል። ዙሩ ድንገት ሲቀንስ ውሃ ከጉድጓዱ ወደ ስንጥቅ የወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ግድግዳው ተቦርቡሮ ጉድጓዱ ቢሰፋም ዙሩ ይቀንሳል። መለያው ከዚያ በታች ነው። ጉድጓዱ ወደ ቀድሞ ስፋቱ ሲመለስ ዙሩም ከተመለሰ ውሃ አልወጣም፤ ካልተመለሰ ወጥቷል።

ሙቀት ሁለተኛው ምስክር ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በፍጥነት ሲወርድ ብዙም አይሞቅም። አብዛኛው ከወጣበት ጥልቀት በታች ግን የተረፈው ዝግ ብሎ ስለሚወርድ ከአለቱ ሙቀት ይወስዳል። ፓምፑ ከቆመም በኋላ ብዙ ውሃ የገባበት ስንጥቅ ከአካባቢው ዘግይቶ ይሞቃል። ሁለቱ ልኬቶች አንድ ጥልቀት ላይ ሲስማሙ ብቻ «እዚህ ስንጥቅ አለ» ብዬ እጽፋለሁ።

አቅሙም ባለበት አይቆይም። ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቁ ይልቅ ዝልግልግ ስለሆነ በስንጥቅ ማለፍ ይከብደዋል፤ ያም ሆኖ አቅሙ ከጊዜ ጋር ሲጨምር ይታያል። አለቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ስንጥቁም ይከፈታል። ይህ የሚያስደስተን ስንጥቁ በቀጥታ እንፋሎት ወደሚወጣበት አምራች ጉድጓድ የማያደርስ ሲሆን ነው። የሚያደርስ ከሆነ ግን የመለስነው ውሃ ሳይሞቅ ደርሶ እንፋሎቱን ያዳክማል።

በኢትዮጵያ በአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል መስክ ጥያቄው በተግባር የሚታይ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተቆፈሩት ስምንት ጉድጓዶች መካከል ኤልኤ-3 እና ኤልኤ-6 ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ሲያሳዩ፣ ኤልኤ-7 ውሃ መመለሻ ሆነ። ስፍራው በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ስለሆነ ማዕድን የበዛበትን ውሃ ሜዳ ላይ መልቀቅ አይገባም፤ ወደ ምድር መመለሱ የከርሰ ምድሩን የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያ ግፊትም ይደግፋል። ሁለቱንም ጥቅም የምናገኘው ግን ውሃው የሚሄድበትን ስናውቅ ነው። ስለዚህ ከአቅሙ ቁጥር አጠገብ የስንጥቆቹ ጥልቀትና የእያንዳንዳቸው ድርሻ ያልተጻፈበት የፍተሻ ሪፖርት፣ ለእኔ ገና አላለቀም።