«ስፒን» ሽክርክሪት ነውን?

የኤሌክትሮንን «ስፒን» «ሽክርክሪት» ብሎ መተርጎም ለጆሮ ይጥማል፤ ለፊዚክስ ግን አይበጅም እንላለን። እንዝርት ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይቆማል። የኤሌክትሮን ስፒን ግን መጠኑ ምንጊዜም አንድ ነው፤ በማግኔታዊ መስክ ውስጥም የሚይዘው ሁለት አቋም ብቻ ነው።

የአቻው ቃል ጉድለት በአቶም ስፔክትረም ላይ ይጋለጣል። ዜማን እ.ኤ.አ. በ1896 የሶዲየም መስመሮች በማግኔት ኃይል እንደሚሰፉ አስተዋለ። ደካማ መስክ የሶዲየምን ሁለት ቢጫ መስመሮች አንዱን ወደ አራት፣ ሌላውን ወደ ስድስት ይከፍላል። ፓሸንና ባክ በ1912 እንዳሳዩት ደግሞ፣ መስኩ እጅግ ሲበረታ ውስብስቡ ክፍፍል በሦስት ይጠቃለላል። ይህ የሚሆነው ስፒኑ ስለሚፈጥን አይደለም፤ ከኤሌክትሮኑ ዙረት ጋር ያለው ቁርኝት ተፈትቶ ሁለቱም ለየብቻ ለመስኩ ስለሚገዙ ነው። «ሽክርክሪት» የተባለለት ተማሪ ግን ፍጥነትን ይጠረጥራል።

ስለዚህ «ዙረት» ለምሕዋሩ ይቆይ፤ «ስፒን» እንዳለ ይግባ። ባዕድነቱ አያስጋን። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው «ካዛንቺስ» የተገኘው ከጣሊያንኛው «ካዛ ኢንቺስ» ነው፤ «ኢንቺስ»ም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ድርጅት ምኅጻረ ስም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ብዙዎቹ የሰፈሩ ቤቶች ፈረሱ፤ ስሙ ግን አማርኛ ሆኖ ጸንቷል።