ስለ ጥሪ፤ በአበው ዜና ያሉ ሦስት ታሪኮች ሲመረመሩ

የግብጽ ገዳማውያን አባቶች ነገር የተጻፈባቸው መጻሕፍት በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ እጅግ የተወደዱ ናቸው። ነገር ግን የሚበዛው አንባቢ የመነኮሳት ርስት ብቻ አድርጎ ይመለከታቸዋል። በመሥሪያ ቤት የሚውለው ጸሐፊ፥ በሱቁ የሚቀመጠው ነጋዴ፥ በችሎት የሚሰየመው ዳኛ መጽሐፉን ገልጦ ጥቂት ካነበበ በኋላ፥ «ይህስ ለበቁት ነው፤ እኔ ባለ ትዳር ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። ከዚያም ሃይማኖቱን ለሰንበትና ለጾም ወስኖ፥ የሥራ ቀኑን ያለ እርስዋ ያሳልፈዋል። መነኮሳቱ ግን ራሳቸው ጠብቀው ባስተላለፏቸው ታሪኮች ይህንኑ አሳብ ይነቅፋሉ፤ ሦስቱን አስተያይቶ ያነበበ ይህን ያገኘዋል።

የሦስቱም መልክ አንድ ነው። በበረሓ ብዙ ዘመን የደከመ አባት በትሩፋት ከማን ጋር እንደሚስተካከል ይነገረዋል፤ መልሱም ከሌላ ገዳም ሳይሆን ከዓለም መካከል ይመጣል። አነጋገሩ ቅኔ ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሙያው ሰም ነው፥ ጥሪው ወርቅ ነው። በሰሙ ላይ የቀረ አንባቢ ሐኪምና ነጋዴ ያያል፤ ሰሙን ያቀለጠ ግን እግዚአብሔር ሰውን በቆመበት ስፍራ እንዴት እንደሚጠራው ያያል።

ከሦስቱ አጭሩ የአባ እንጦንስ ታሪክ ነው። በበረሓ ሳለ፥ በከተማ የሚኖር አንድ ሐኪም ከእርሱ ጋር እንደሚስተካከል ተገለጠለት። ሰውየው ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፤ በየቀኑም ከመላእክት ጋር ሦስት ጊዜ ቅዱስ እያለ ያመሰግናል። ታሪኩ በዚህ ያልቃል፤ የሐኪሙ ስም እንኳ አልተጻፈም። የዚህ አጭርነት ኃይል የሚታወቀው የእንጦንስን የራሱን ጥሪ ላስታወሰ ሰው ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ እንደ ጻፈው፥ እንጦንስ ገና ጎልማሳ ሳለ በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ፥ ቃሉ ለእርሱ እንደ ተነገረ ቆጥሮ ከአባቱ የወረሰውን 300 አሩራ ለም እርሻ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። አንዱ ሁሉን ትቶ ወጣ፤ ሌላው በሙያው ጸንቶ የተረፈውን ሰጠ፤ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። ታሪኩ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ ሐኪሙ በሥራው መቆየት ጥሪው እንደ ሆነ በምን እንዳወቀ አይናገርም።

ሁለተኛው የአባ ጳፍኑጥዮስ ነው። ይህ የሚገኘው በ394 ዓመተ ምሕረት ገደማ፥ በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ከኢየሩሳሌም ተነሥተው የግብጽን ገዳማት የጐበኙ መነኮሳት ነገር በተጻፈበት መጽሐፍ ነው። አባ ጳፍኑጥዮስ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፥ ሦስት ሰዎችም ተነገሩት። መጀመሪያው በከተማ ዋሽንት እየነፋ የሚያድር፥ ቀድሞም ወንበዴ የነበረ ሰው ነው፤ በወንበዴነቱ ዘመን አንዲትን ድንግል ከባልንጀሮቹ እጅ አድኖ ወደ መንደር መልሷታል፤ ባልዋና ልጆችዋ በዕዳ ለታሰሩባት ሴት ደግሞ 300 ወርቅ ሰጥቷታል። ሁለተኛው እኛ ጭቃ ሹም የምንለው ዓይነት የመንደር አለቃ ነው፤ እንግዳ ይቀበላል፥ በፍርድ ለልጁ አያደላም፥ ከብቱ የሰው እርሻ እንዲገባ አይፈቅድም። ሦስተኛው ባለጠጋ ነጋዴ ነው፤ ከትርፉ ለድሆችና ለመነኮሳት ያካፍላል።

ይህ ታሪክ ከሦስቱ የሚበልጠው በዝርዝሩ ነው። የሰው እርሻ ያልነካ ከብት፥ ለልጅ ያላደላ ፍርድ፥ እነዚህን የመሰለ ነገር ብዙ ስብከት በማያስረዳው መጠን ሃይማኖት በየዕለቱ ምን እንደምትመስል ያስረዳል። ፍጻሜው ግን ከመካከሉ ጋር አይስማማም። አባ ጳፍኑጥዮስ ሦስቱንም ሥራቸውን አስትቶ ወደ ምንኵስና ይወስዳቸዋል። በዓለም ሳሉ ከታላቁ ባሕታዊ ጋር የተስተካከሉ ሰዎች ለምን መውጣት እንዳስፈለጋቸው ተራኪው አያስረዳም። ጭቃ ሹሙ ከወጣ በኋላ የመንደሩን ነገር ማን በቅን እንደ ፈረደ ለአንባቢው የሚነግረው የለም። መውጣቱ ስሕተት ነው ማለት አይደለም፤ ለእነርሱ በጊዜው የመጣ ሁለተኛ ጥሪ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተራኪው ይህን ሳያሳይ በመቅረቱ፥ መካከሉ ያነጸውን ፍጻሜው እንደሚያፈርሰው ሆኖ ይነበባል።

የአባ መቃርስ ታሪክ ከእነዚህ የጠለቀ ነው። በቅርብ ከተማ ያሉ ሁለት ሴቶች እንደሚበልጡት ተነገረው፤ በትሩንም ይዞ ሄዶ ደጃቸውን መታ። ለሁለት ወንድማማቾች የተዳሩ ናቸው፤ መጀመሪያ የሚነገር ሥራ የለንም አሉት። አጥብቆ በጠየቃቸው ጊዜ፥ 15 ዓመት በአንድ ቤት ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተጣሉ ገለጡለት። ወደ ደናግል ማኅበር ለመግባት ፈልገው ባሎቻቸውን ለምነው ነበር፤ ባሎቻቸው ግን አልፈቀዱም። ስለዚህ እስከ ሞት ድረስ ዓለማዊ ነገር በአፋቸው እንዳይወጣ ቃል ኪዳን አደረጉ።

በሐኪሙ ታሪክ የጎደለው እዚህ ተገኘ። እነዚህ ሴቶች ጥሪያቸውን ያወቁት በተከፈተ በር ሳይሆን በተዘጋ በር ነው። የፈለጉት መልካም ነገር ነበር፤ ተከለከሉ፤ ሲከለከሉ ግን አላጉረመረሙም፥ የፈለጉትንም ጨርሰው አልጣሉም። ገዳም ለመግባት ቢከለከሉ የገዳሙን ዝምታ ወደ ማዕድ ቤታቸው አገቡት። አንዳንድ ሰባክያን ታሪኩን ሲናገሩ ልመናውንና ክልከላውን ትተው የ15 ዓመቱን ሰላም ብቻ ያወሳሉ። እንዲህ ሲቈረጥ ታሪኩ የጠባየ መልካም ሴቶች ምስጋና ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ይተርፋል።

በሌላ ወገን ደግሞ፥ «እንግዲያስ ልብ ከቀና ይበቃል፤ ጾሙም ምንኵስናውም ትርፍ ነው» የሚል የከተማ አንባቢ አይታጣም። እርሱም ታሪኮቹን አላነበባቸውም። ሐኪሙ በልቡ ቅንነት አልተመሰገነም፤ ከገቢው የሚበቃውን ለይቶ የተረፈውን በመስጠቱ ተመሰገነ እንጂ። ሴቶቹ ምላሳቸውን ገዝተዋል፤ ሹሙ ከብቱን አግዷል። ሦስቱም ታሪኮች ዓለማዊውን ሰው ከፍ የሚያደርጉት ሸክሙን አቅልለው ሳይሆን ሸክሙ በእጁ እንዳለ አሳይተው ነው። እነዚህን ታሪኮች ጠብቀው ያቆዩልን ደግሞ መነኮሳት ናቸው፤ ለትውልዳቸው ትዕቢት መድኃኒት እንዲሆኑ ጽፈዋቸዋልና ገዳምን ለመንቀፍ መጥቀስ የጸሐፊዎቹን ትሕትና መስረቅ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዚህ ነገር ምሳሌ ከመሠረቷ አላት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ ፍሬምናጦስ፥ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በአክሱም ቤተ መንግሥት የሒሳብና የጽሕፈት ሹም ነበረ። ሩፊኖስ ከባልንጀራው ከኤዴስዮስ ሰምቶ እንደ ጻፈው፥ ኋላ የመንግሥቱን አስተዳደር በያዘ ጊዜ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት ስፍራ እንዲያበጁ ያበረታ ነበር። ኋላም ወደ እስክንድርያ የሄደው ጳጳስ እንዲላክ ለመለመን እንጂ ለራሱ ሹመት ፈልጎ አይደለም፤ አትናቴዎስ ግን እርሱኑ መርጦ ሾመው። ታላቁ ጥሪ ያገኘው አስቀድሞ በመዝገብና በሒሳብ መካከል የታመነውን ሰው ነው።

እንግዲህ የአበውን ዜና የሚያነብ የከተማ ሰው መጽሐፉን ከመዝጋቱ በፊት፥ መልአክ ስለ እርሱ ለአንድ ባሕታዊ ቢናገር ከሥራው የትኛውን ይጠቅስ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። የሚጠቀስ ካጣ፥ ነገ ጧት የሚከፍተው ሱቅ፥ የሚሰየምበት ችሎት፥ የሚጽፈው መዝገብ ገና በፊቱ ነው።