«ማመንጨት» እና «ሠርቶ መልቀቅ»፦ ስለ ሳንባ ተከላካይ ሕዋሳት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የጤና ጽሑፎች «ያመነጫል» የሚለው ግስ ለምራቅም፣ ለሆርሞንም፣ ለኢንዛይምም ያገለግላል። ግሱ ከ«ምንጭ» ጋር ስለሚዛመድ ሳይቋረጥ የሚፈልቅን ነገር ያሳስባል። የሳንባ ተከላካይ ሕዋሳት የቅባት መልእክተኞችን የሚያስገኙበት ሂደት በዚህ ግስ ሲገለጽ ግን ጽንሰ ሐሳቡ ይዛባል።

በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ የሚኖረው ማክሮፋጅ ጀርም ወይም ጥላሸት ሲያጋጥመው ይነቃቃል። ያን ጊዜ ፎስፎሊፔዝ ኤ2 የተባለው ኢንዛይም ከሕዋሱ ሽፋን አራኪዶኒክ አሲድን ቆርጦ ያወጣል። ይህን አሲድ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ ሲቀበለው ወደ ፕሮስታግላንዲንና ትሮምቦክሴን፣ 5-ሊፖክሲጂኔዝ ሲቀበለው ወደ ሉኮትሪን የሚያደርሰው መንገድ ይከፈታል። እነዚህ መልእክተኞች በጎተራ የተቀመጡ ሳይሆኑ ሲፈለጉ የሚሠሩ ናቸው። በማስት ሕዋስ ውስጥ ተከማችቶ የሚቆየው ሂስታሚን ግን ከዚህ ይለያል። ስለዚህ ለፊተኞቹ «ሠርቶ ይለቃል»፣ ለኋለኛው «ያከማቸውን ይለቃል» እንዲባል እንመክራለን።

ማክሮፋጅን «ነጭ የደም ሕዋስ» ማለትም አያረካንም፤ የሳንባው ነዋሪ በአመዛኙ እዚያው ራሱን የሚተካ ነውና። «ዋጭ ሕዋስ» ተግባሩን በትክክል ይገልጻል።

የመልእክተኞቹን ስም ቃል በቃል መተርጎም ደግሞ የስያሜውን ጉድለት መውረስ ነው። ፕሮስታግላንዲን ስሙን ያገኘው ከፕሮስቴት ዕጢ ቢሆንም በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ይሠራል። በ1979 እ.ኤ.አ. የተሰየመው ሉኮትሪን የ«ሦስት» ትርጉም በስሙ ቢይዝም፣ ሉኮትሪን ቢ4 አራት ድርብ ትስስሮች አሉት። ሁለቱም በውሰት ይቆዩ።

ሁለቱን ወገኖች «የቅባት ሆርሞን» ብሎ መጠቅለል ከሁሉ ይብሳል። ሆርሞን በደም ተጉዞ ሩቅ ይደርሳል፤ እነዚህ ግን በአቅራቢያቸው ይሠራሉ። አስፕሪን የሚያግደው ሳይክሎኦክሲጂኔዝን እንጂ ሊፖክሲጂኔዝን ስላልሆነ፣ በአንዳንድ የአስም ሕሙማን ሉኮትሪን በዝቶ ሕመሙን ያባብሳል። ሞንቴሉካስት በአንጻሩ የሉኮትሪንን መቀበያ ይዘጋል። ስሙ ከተደባለቀ ማስጠንቀቂያው አብሮ ይጠፋል።

ጉዳዩ ለአዊ ዞን ሩቅ አይደለም። በፋግታ ለኮማ ከሰል አክሳዩ ጭስ ይተነፍሳል፤ በዞኑ ደግሞ አውንጊ የትምህርት ቋንቋ ነው። ከአማርኛ ወደ አውንጊ የሚመልስ ተርጓሚ የተዛባ ቃል ከተቀበለ ስሕተቱ በሁለት ቋንቋ ይተከላል። የአማርኛውን አቻ ቃል አጥርቶ ማቅረብ ስለዚህ የእኛ ዕዳ ነው።