ፋይሉ ከቀብድ ይቅደም

ሐረር ውስጥ ቤት ለመሸጥ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠራው ደላላ ነው። ሰነድ ትዝ የሚለው ገዢ ተገኝቶ፣ ቀብድ ተቀብለው፣ የውል ቀን ከቆረጡ በኋላ ነው። የቤት ሽያጭ ሰነድ በማዘጋጀት የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት እላለሁ።

ፋይሉን የምጀምረው ከካርታው ነው። በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ካርታው ብዙ ጊዜ በሟች አባት ወይም አያት ስም ነው፤ ወራሾቹ ደግሞ ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ ከፊሎቹ ካናዳ ናቸው። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃውና ስም ማዛወሩ ይቀድማል። ውጭ ያለ ወራሽ የሚልከው ውክልና ቤት ለመሸጥ ሥልጣን መስጠቱን በግልጽ መናገር አለበት፤ ጠቅላላ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻ ይዞ መቅረት አደጋ ነው።

ቀጥሎ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ሒሳብ ይሰበሰባል። አንድ ነገር ግን ለገዢው ፊት ለፊት መነገር አለበት፤ መሬት አይሸጥም፣ የሚሸጠው ቤቱ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደንግጓል። ይህን ሳያውቅ የገዛ ሰው በኋላ በሻጩ ላይ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ጀጎል የራሱ ጣጣ አለው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ አንድ ግቢ ለሁለት የተከፈለበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ክፍል የግል፣ ሌላው የቀበሌ ቤት ሆኗል። ግድግዳው፣ መግቢያ በሩ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃው ግን የጋራ ነው። ካርታው ይህን ሁሉ አይናገርም። ስለዚህ ከካርታው ጋር የሚያያዝ የቤቱን መግለጫ እጽፋለሁ፤ የትኛው ግድግዳ የማን እንደሆነ፣ ጣሪያው የት እንደሚያፈስ፣ ውሃው በማን ግቢ በኩል እንደሚወርድ፣ የትኛው ክፍል ያለ ግንባታ ፈቃድ እንደተጨመረ። በአሚሮቹ ዘመን በቃዲ ፊት በዐረብኛ ይጻፉ የነበሩ የሽያጭ ሰነዶችም ወሰንን በአራት አቅጣጫ እየጠቀሱ ያስቀምጡ ነበር። የከተማዋ የቆየ ልማድ ነው፤ ልንተወው አይገባም።

ቅርስነቱም በሰነዱ ውስጥ ይግባ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገንና ቅርጹ እንዳይለወጥ ይከለክላል። ገዢው አምስቱን ነደባ (የሐረሪ ቤት የመቀመጫ መደቦች) አፍርሶ ሱቅ ለማድረግ አስቦ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ቁርጡን ማወቅ አለበት። ቤቱን እንደ ቤት የሚወድ ገዢ ግን ይህን መግለጫ ሲያነብ ይበልጥ ይተማመናል።

ሻጮች «ጉድለቱን ከጻፍነው ዋጋው ይወርዳል» ይሉኛል። ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን የተደበቀ ጉድለት ከሽያጭ በኋላ ክስ ይሆናል፤ ክሱም ሁለት ቤተሰብና አንድ ሰፈር ያቃቅራል። እዚህ ከተማ ሻጭና ገዢ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ በአንድ አፎቻ (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) ይቀባበራሉ፤ ቂም ይዞ መኖር ከባድ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁን ለመሸጥ የምታስቡ ወገኖቼ፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት ካርታችሁን ከሣጥን አውጡና ስሙን አንብቡ። ወራሾቹን ሰብስቡ፣ ዕዳውን አጣሩ፣ የምታውቁትን ጉድለት ጻፉ። ቀብድ የምትቀበሉት ፋይሉ ሲሞላ ብቻ ይሁን።